የመንግሥት ካርዴን ላሚኔት አድርጌ

ከዳንግላ የወጣሁበት ሌሊት ዝናብ ነበር። ስለ ስደት የሚጽፍ ሰው የወጣበትን ሌሊት በዕንባ እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ ግን በዚያ ሌሊት ከዕንባው ይልቅ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ይበልጥ ነበር። ወንድሜ ደሳለኝ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። አውቶቡሱ ሊነሣ ትንሽ ሲቀረው እሱ ማሽኑን አግሎ፣ ያለኝን ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ያደርግልኛል፤ የስምንተኛ ክፍል ካርዴን፣ የልደት ሰርተፍኬቴን፣ ሌላው ቀርቶ የክትባት ወረቀቴን። እናቴ ከእንጅባራ ወዲያ ካለችው መንደራችን ልትሸኘኝ መጥታ፣ ወረቀቶቹ እየሞቁ ሲወጡ ትቀበልና በመዳፏ ታሻሻቸዋለች። "ይኸ እንግዲህ ዝናብ አይገባው፣ አይጥ አይበላው" አለች። በዚያ ቤት ላሚኔት ያልተደረግሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። አውቶቡሱ ጡሩንባውን ሲነፋ ሁላችንም በጭቃው እየሮጥን ወጣን።

የሄድሁት ኩዌት ነው፣ ለቤት ሥራ። ስለ ኩዌት ብዙ አልጽፍም፤ እዚያ ያላችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁት ደግሞ ብነግራችሁም አትሰሙኝም። ይህን ብቻ ልበል፤ በእኛ አገር ፀሐይ ስትወጣ ሰው ተመስገን ብሎ ደጅ ይወጣል፣ እዚያ ፀሐይ ስትወጣ ሰው በር ይዘጋል። የምሠራላቸው ሽማግሌ ለሕክምና ጀርመን ሲመጡ እኔንም አስከትለው መጡ። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። ቆሻሻውን ጣልሁት፣ እኔ ግን አልተመለስሁም። ወረቀቶቼን ከቀሚሴ ሥር በመቀነት አስሬአቸው ነበርና ላብ አልነካቸውም። ደሳለኝን በልቤ መረቅሁት።

ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ "አዚል" አልሁ፤ ጥገኝነት ማለት ነው፣ የማውቃት ቃል እሷ ብቻ ነበረች። ከካምፕ ወደ ካምፕ ሲያዘዋውሩኝ ከርመው አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ጣሉኝ። ብርዱ ይገድልሻል ያሉኝ ሁሉ የእንጅባራን ሐምሌ አያውቁም። ጉሙም፣ ካፊያውም፣ እርጥብ ካልሲውም የማውቀው ነው። ደግሞ ድንቹ! ድንች ሰለቸኝ ብዬ ከአገሬ ወጥቼ ድንች አገር መጣሁ። ብቻ የእነሱ ድንች ታጥቦ፣ ተመርጦ፣ እኩል እኩል ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ ጭቃ አያውቅም። ብትቀቅሉት አይፈነዳ፣ ብትልጡት አያቃጥል። ሰዉም እንደዚያው ነው። ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ "ሃሎ" ይልና ያልፋል። እኔ ስለ ልጆቹና ስለ ጤናው ልጠይቀው አፌን ስከፍት እሱ በሩን ዘግቶ ጨርሷል።

አሁን ወደ ካርዱ። በዚህ አገር ጉዳያችን እስኪወሰን ድረስ መንግሥት የምንኖርበትን የሚያስገባልን በአንዲት የፕላስቲክ ካርድ ነው፤ "ቤጻልካርቴ" ይሏታል። ዳቦውም፣ ሳሙናውም፣ የባቡር ትኬቱም በእሷ ነው። የሰጡኝ ዕለት ገለባብጬ አየኋትና አዘንሁ። ይህ ሁሉ የሠለጠነ አገር፣ ይህን የመሰለ የመንግሥት ካርድ ራቁቱን ይሰጣል? የቀበሌ መታወቂያ እንኳ እኛ ዘንድ ልብስ አለው።

ጀርመንኛ የምንማረው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። እዚያ ጥግ ላይ አስተማሪያችን የፊደል ካርዶች የምታዘጋጅበት አንድ ማሽን ተቀምጦ አየሁ። ወንድሜን ያገኘሁ ያህል ነበር የደነገጥሁት፤ ላሚኔት ማሽን! ለአንድ ጉዳይ ልጠቀምበት ብዬ በምልክት ጠየቅኋት፣ ወረቀት መስሏት በደስታ ፈቀደችልኝ። ካርዴን በፕላስቲኩ መሐል አስተኝቼ ከተትሁት። ማሽኑ አቃሰተ። ከዚያ ካርዴ በወዲያ በኩል እያብረቀረቀች ወጣች፤ ትንሽ ጎብጣለች፣ ግን ምን ይላታል? ጠርዟን በመቀስ አሳምሬ ቆረጥሁና ቤት ወስጄ ለሰናይት አሳየኋት። ሰናይት ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትኖር፣ ብዙ ዓመት የቆየች፣ ሁሉን የምታውቅ ኤርትራዊት ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ።

"ውይ ሲያምር! ነገ የእኔንም" አለችኝ።

ነገ የሚባል ነገር አልደረሰም። በዚያው ቀን ከሰዓት ሱቅ ገብቼ ድንች፣ እንቁላልና ዘይት ይዤ ካርዴን ለገንዘብ ተቀባይዋ ሰጠኋት። ማሽኑ አፍ ላይ አስጠጋችው፣ አልገባም። ገፋችው፣ አልገባም። ላዩ ላይ አስነካችው፣ ማሽኑ እንደ ተቆጣ አሞራ ጮኸ። ልጅቷ ካርዱን ወደ መብራቱ አንሥታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በትዕግሥት ዝም ብሏል። የጀርመን ዝምታ ከእኛ አገር ስድብ ይብሳል፣ በእግዚአብሔር። ድንቼን ትቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ በፈላ ውኃ እንፋሎት አልስልሼ ፕላስቲኩን በቢላ ልልጠው ሞከርሁ። ፕላስቲኩ ተላጠ፣ ካርዱ ላይ ያለችው ወርቃማ ነገርም አብራ ተላጠች። ቺፕ የሚሏት እሷ ናት፣ ለካስ ነፍሱ እሷ ኖራለች።

ሰናይት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። "ምን አደረግሽ? የመንግሥት ንብረት ነው እኮ! አስመስላ ልትሠራ ነው ቢሉሽስ?"

"አስመስዬ? በላሚኔት?"

"እነሱ ምን ያውቃሉ? አዲስ ከከለከሉሽ፣ ፋይልሽ ላይ ከጻፉብሽ፣ አበቃ። ወደ አገርሽ ይመልሱሻል።"

መመለስ ሲባል ቀላል ይመስል ይሆናል። አባቴ ኩዌት የላከኝ ፈረሱን ሸጦ ነው። የአዊ ሰው ይህን ሲያነብ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ለሌላችሁ ግን፣ አባቴ ከዚያ ወዲህ በጥር፣ ፈረሰኛው ሁሉ አሸብርቆ ሜዳ ሲወጣ፣ ከእግረኛው ጋር ቆሞ ያያል። ባዶ እጄን ብመለስ አባቴ ምንም አይለኝም። ያ ምንም አለማለቱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሆዴ አልችል ብሎ በሰናይት ስልክ እናቴ ጋ ደወልሁ። የአገር ቤቱ ኢንተርኔት እንደ ልማዱ ጠፍቶ ስለነበር በቀጥታ መስመር ነው። እናቴ ድምፅ ጠርቶ ወደሚሰማበት፣ ቀርከሃው ሥር ወጥታ አነሣችው።

"እማ፣ ካርዴን አበላሸሁት።"

"የቱን ካርድ?"

"መንግሥት የሰጠኝን። የምበላበትን።"

"ሌላ አይሰጡሽም?"

"እንጃ። ከከለከሉኝ ይመልሱኛል፣ እማ። ወደዚያ።"

"ወደ ቤትሽ?"

"አዎ።"

"በይ አታልቅሽ" አለች። "እግዜር ያለው ይሆናል።"

በማግሥቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። በሩ ላይ እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ ጥበቃ ቆሟል።

"ቴርሚን አለሽ?" አለኝ። ቴርሚን ቀጠሮ ነው። በዚህ አገር ያለ ቴርሚን ሰው አይታመምም፣ አይፋታምም።

"የለኝም።"

"ያለ ቴርሚን አይገባም።"

"ቴርሚን የት ይያዛል?"

"ውስጥ።"

ተያየን። ነገሩ ለእሱም የገባው መሰለኝ፣ ግን ፊቱ አልተፈታም። የስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ። ስደውል ማሽን አነሣው፤ ካርድዎ ከተበላሸ የካርድዎን ቁጥር ያስገቡ ይላል። ቁጥሩ ያለው የተበላሸው ካርድ ላይ ነው! ሰናይት እየተሳደበች ኮሮጆዬን ፈተሸችና ከካርዱ ጋር የመጣውን ደብዳቤ አገኘችው፤ ቁጥሩ እሱ ላይ ነበረ። እናንተ ገና አዲስ የመጣችሁ፣ ስሙኝ፤ ያንን ደብዳቤ አትጣሉ። ካርዳችሁ ቢጠፋም ቢሰበርም ሳታድሩ ደውሉና አዘጉት፣ የጠፋ ካርድ በሌላ ሰው እጅ ሥራ አይፈታም። ቴርሚኑንም በዚያው ስልክ ያዙ። እኔ ሐሙስ ደረሰኝ። እስከ ሐሙስ ሰናይት አበላችኝ፤ አንድ ጉርሻ በአንድ ተግሣጽ።

ሐሙስ የተቀበሉኝ ፍራው ቬበር የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው። ተርጓሚው በስልክ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ስልክ የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ ይወጣል። መታወቂያዬን አዩ። ከዚያ የካርዱን ሬሳ በሁለት ጣታቸው አነሡት።

"እህቴ፣ 'ይህ ምን ደረሰበት?' ይላሉ" አለ ተርጓሚው።

"ላሚኔት አደረግሁት በላቸው።"

"ቤጻልካርቴውን?"

"አዎ።"

"ወይ አንቺ ልጅ" አለና ተረጎመው። ሳቁን ሲውጥ ሰማሁት።

ፍራው ቬበር መነጽራቸውን አደረጉ። "ለምን?"

የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ረስቼ እውነቱን ለቀቅሁት። "በእኛ አገር ዋጋ ያለው ወረቀት ላሚኔት ይደረጋል። ካልተደረገ ጢስ አለ፣ ዝናብ አለ፣ አይጥ አለ። ይህ ካርድ እንዲቆይልኝ ፈልጌ ነው። አስመስዬ ልሠራ አይደለም። ወደ አገሬ እንዳትመልሱኝ።"

ተርጓሚው ጨረሰ። ሴትዮዋ ጥቂት አዩኝና ወደ ኋላቸው ግድግዳ ዞሩ። እዚያ ሕፃን የሳለው፣ ስድስት እግር ያለው ፈረስ ተሰቅሏል። ጠርዙ ያብረቀርቃል።

"'ይህን የልጅ ልጄ ሳለችልኝ፤ እኔም ላሚኔት አስደርጌዋለሁ' ይላሉ" አለ ተርጓሚው። "'ግን እሱ ቺፕ የለውም' ይላሉ።"

ሳቁ። ተርጓሚውም ለቀቀው፤ የእሱ አባትም የመንጃ ፈቃዳቸውን እንደዚሁ አድርገው እንደነበር ነገረኝ፣ እሱን ግን አልተረጎመም። ፍራው ቬበር ለካርድ ተብሎ ማንም እንደማይባረር ሦስቴ ደጋግመው አስረዱኝ፤ ፊቴ አላምንም ሳይል አልቀረም። ፈረምሁ። አዲሱ እስኪደርስ የምበላበት ኩፖን ሰጡኝ። የዛሬ ሳምንት መጥተሽ ውሰጂ፣ ማሽን ውስጥም እንዳትከቺ ተባልሁ።

አዲሱን ካርድ ሳምንቱን ጠብቄ ወሰድሁ። ውጭ ወጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁና አየሁት። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ አናደደኝ፤ ለአንድ ፕላስቲክ! ግን በዚህ አገር ስሜ በጉልህ ተጽፎ ያየሁት እሱ ላይ ነው። በዚያው ዕለት ወደ እናቴ ደወልሁ።

"እማ! ሰጡኝ! አዲስ ካርድ ሰጡኝ!"

መልስ የለም።

"እማ? ኔትወርኩ ጠፋ?"

"አለሁ" አለች። "እሰይ፣ ልጄ።"

"ምነው ድምፅሽ? አመመሽ?"

"ምንም አልሆንሁ። ለሚካኤል ተስዬ ነበር።"

"ለእኔ ካርድ? ታዲያ ሰመረልሽ!"

"አልሰመረም።"

"እንዴት አልሰመረም? ካርዱ ይኸው በእጄ ነው።"

"ስለቱማ እንዳይሰጡሽ ነበር" አለች። "ከከለከሉኝ ይመልሱኛል አላልሽኝም?"

ሳቄ መጣ። ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ቀርከሃውን ነፋስ ሲያንሿሿው በስልኩ ይሰማኛል። እንኳን አልሰመረልሽ አልላት፣ ይስመርልሽ አልላት።

"ምን ነበር የተሳልሽለት?" አልኋት በመጨረሻ።

"ጥላ። የሚያምር፣ ዘርፍ ያለው። ቀድሜ ገዝቼው፣ ቤት ተቀምጧል።"

"አሁን ምን ልታደርጊው ነው ታዲያ?"

"ይቀመጣላ" አለች እናቴ። "ሚካኤል እንደሁ በየወሩ ነው።"