የምግብ ሰዓቴን የተከተለችው ጎረቤቴ

መጀመሪያ ይህን ልብ በሉ፦ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሐኪሟን ሳታማክር የምግብ ሰዓቷን ማሳጠር የለባትም።

ይህን የምጽፈው ጎረቤቴ ዘነበች ዛሬ ሞላሌ ገበያ መካከል፣ የገብስ ጆንያዋ ላይ ስለወደቀች ነው።

የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ወገቤ እየሰፋ አስቸግሮኝ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ብቻ እየበላሁ ክብደት መቀነሴን ባለፈው ወር እዚሁ ገጼ ላይ ጽፌላችሁ ነበር። ዘነበችም እንደኔው ጀመረች። ዛሬ ንጋት ላይ ክኒኗን ውጣ፣ ምንም ሳትቀምስ ገበያ ወጣች።

ላብ አጥምቋት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። የስኳር ክኒን ውጣ መምጣቷን ስትነግረን ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣናት፤ ቀስ በቀስ ነፍሷ መለስ አለች።

«ስኳር እንዳለብሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«መች ጠየቁኝ እትዬ? የነፍስ አባቴ ግን ጠይቀው ከጾም ፈተውኛል።»

«ታዲያ እንዴት ትራቢያለሽ?»

«እሳቸው የከለከሉኝ ጾሙን ነው፤ የእርስዎን መች ከለከሉኝ!»

አጠገቧ ያለችው ገብስ ሻጭ ሳቀች፦ «ቀሚሳችን እንዲሰፋን ብለው ሊፈጁን ነው፣ መምህርት!»

እኔ አልሳቅሁም። ጥያቄውን ሳያነብ መልስ የሚጽፍ ተማሪ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ነጥብ ስቀንስ ኖሬያለሁ። አሁን ያንኑ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ጽሑፌ ሥር «እኔም ጀመርኩ» ያላችሁኝ አሥራ ሰባት ሴቶች ናችሁ። ስማችሁን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጫለሁ። መድኃኒት ትወስዳላችሁ ወይስ አትወስዱም? እባካችሁ ዛሬውኑ፣ ከመተኛታችሁ በፊት መልሱልኝ።