እሷ ጫማ አስፈልጓታል

ሰፈራችን ውስጥ «ጋሼ ቀስ በል»ን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። ባለጋሪ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ለሚሮጥ ልጅም፣ ጥሩምባ ለሚነፋ ሾፌርም፣ ሚስት ለሚያገባ ጎረምሳም ምክራቸው አንድ ስለሆነ ስሙ ተለጠፈባቸው። የፊት ጥርሳቸው ስለወለቀ ደግሞ ሲናገሩት «ቀሽ በል» ነው የሚወጣቸው።

ከኛ ቤት እስከ ጤና ጣቢያው ያለው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ታክሲ ገና ከሩቅ ሲያየው ይዞራል። እናቴ እግሯ እያበጠ አላስኬድ ካላት ወዲህ በየሳምንቱ ለሕክምና የሚያደርሷት ጋሼና ቀይዋ ባዝራቸው ናቸው። ጋሪው ላይ ፍራሽ ያነጥፉላታል። ጉድጓድ ሲመጣ ቀድመው «እትዬ፣ ያዝ ያርጉ» ይሏታል። እንግዲህ ያቺ ባዝራ ቆመች ማለት እናቴ ከሕክምናዋ ቀረች ማለት ነው።

ባዝራይቱ የእግሯን ብረት መጣል አመጣች። አንዱን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጣለች፤ አስመቱላት። ደግማ ድልድዩ አጠገብ ጣለች። ሲወልቅ ደግሞ ባዶውን አይወልቅም፣ የኮቴዋን ጠርዝ ቦጭቆ ነው የሚሄደው። ቀጥቃጩ እግሯን ጭኑ ላይ አስደግፎ አየ፣ አየና መዶሻውን አስቀመጠ። እሱ ሰውዬ ቃል ሲያወጣ ጥርሱን የሚነቅሉት ነው የሚመስለው። ምስማር የሚይዝልኝ ቦታ አጣሁ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል አለ። ኮቴዋ እስኪያድግ የጎማ ጫማ ታድርግ፤ ባዶ እግሯን ድንጋይ ላይ ከነዷት ግን አንካሳ ትሆናለች፣ ከዚያ ወዲያ ያው መሸጥ ነው።

«ጫማ?» አሉ ጋሼ። «ፈረስ?»

«ጫማ» አለ ቀጥቃጩ።

የከብት ዕቃ የሚሸጥበት መደብር ሩቅ ስለሆነ በስልክ ማዘዝ ነበረባቸው። ኔትወርክ ያለው ደግሞ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ጸጉር ሠሪያችን የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ጆሮዋ ሥር እየጮኸ የሦስተኛ ቤት ሹክሹክታ የምትሰማ ሴት ናት። በኛ ሰፈር ደግሞ አንድ ባል «እሷ» ካለ ሚስቱ ናት፤ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። «እሷን ልጠይቃት»፣ «እሷ ታውቃለች»፣ በቃ። ጋሼ ስለ ባዝራይቱ ሲያወሩ ከአፋቸው የወጣው ያው ቃል ነው።

«እሷ ጫማ አስፈልጓት ነበር። ኧረ ቁጥሯን አላውቅም፣ ክብ ነው እግሯ። ጥፍሯ ተፈርፍሮ አልቋል። አዎ፣ መቆም ትችላለች፣ ተኝታም አታውቅ።»

ኪሎዋን ሲናገሩ ለአንዴ ካስኩ አሸነፋት እንጂ እሱን ብትሰማ ይገባት ነበር።

የሚስታቸው ነገር፣ የእታለም፣ እኔ ከምሸጥበት ሱቅ ሲደርስ «እግሯ አብጧል» ነበር። ዳቦ ቤት ሲደርስ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ነበር። ተመልሶ እኔ ጋ ሲመጣ አንድ እግሯ ሊቆረጥ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ የራሷ እግር በቂ ያልሆነ ይመስል፣ ደግፊኝ አለችኝና ልንጠይቃት ሄድን። ጸጉር ሠሪዋ ብርቱካን ተሸክማ ቀድማናለች።

እታለም እጇ አረፋ ውስጥ እስከ ክርኗ ገብቶ ልብስ ታጥባለች።

«አይዞሽ እታለም» አለች ጸጉር ሠሪዋ እንባዋን እየጠረገች። «ሰው በአንድ እግሩም ይኖራል።»

እታለም ጎንበስ ብላ ሁለቱንም እግሮቿን አየቻቸው። «የትኛው ነው የሚቀርልኝ?»

ነገሩ ሲፈታ እታለም ሳቋ አልቆም ብሏት ሳፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እሷን ልትጠይቁ ከመጣችሁ እሷ ጓሮ ናት ብላ ይዛን ዞረች።

ጓሮ ግን የሚስቅ የለም። ጋሼ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠዋል፤ ጫማው እጃቸው ላይ ነው። መደብሩ ሦስት ዓይነት ነበረው አሉን። አንዱ ለስላሳ ነው፣ ጋጣ ውስጥ ለሚተኛ በሽተኛ የሚሆን። አንዱ በሽቦ የሚቆለፍ ነው፣ ይጠብቃል ግን ተረከዝ ይልጣል። ሦስተኛው ወፍራም ሶል ያለው፣ በማሰሪያ የሚታሰር፤ ለድንጋይ እሱ ይሻላል ብለው እሱን መረጡ። በክር ለክተው ላኩ፣ በአውቶቡስ መጣ፣ አደረጉላት። ጥቂት እንደሄደች ዞረባት፤ ሶሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከእንግዲህ መሸጧ ነው አሉ፤ እናቴን ቀና ብለው ማየት ግን አልቻሉም።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ የባዝራይቱን እግር ታያለች። እግር ማየት ለምዳለች፣ የራሷን ስታይ ነው የምትውለው።

«ስትለካ ጥፍሯ ተቆርጦ ነበር?» አለች።

ጋሼ የለኩት ጥፍሯ ሳይነካ ነበር፤ ቀጥቃጩ የተቦጨቀውን ጠርዝ የሞረደው በማግስቱ። ያ ሁሉ ፍርፋሪ ኮቴ ተብሎ ተለክቷል ማለት ነው። እታለም ባሏን አይታ፣ እኔ ብሆን ጫማ ከመግዛቴ በፊት እግሬን እታጠብ ነበር አለች።

አሁን እንደ አዲስ ለካን። እኔ ክሩን ያዝኩ፣ እታለም ጎኑንም ቁመቱንም ምልክት አደረገች። መደብሩ ጋ ደውላ ያስቀየረችው ጸጉር ሠሪዋ ናት፤ እንዳይሳሳቱባት በየቃሉ መሃል «ፈረስ ነው፣ ፈረስ» ትላለች። ብርቱካኑን እሷ በላችው፣ ከነልጣጩ። የትኛዋ እሷ እንደሆነች አትጠይቁኝ።

ትንሹ ጫማ ልክክ አለ። ጋሼ ማሰሪያው እንዳይልጣት ሥሩ ጨርቅ አደረጉበት፤ መጀመሪያ ባዶ ጋሪ ይዘው አዙረዋት መጡ፣ አወለቁና ቆዳዋን ዳበሱ፣ ደህና ናት። የሕክምናው ቀን ጠዋት በራችን ላይ ነበሩ። ለናቴ ምስጋና ጀመሩ፤ እትዬ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ እያሉ። እሷም አንተ ባትኖር ኖሮ እያለች መለሰች። ማን ማንን እንደሚያመሰግን ሳይለይላቸው ባዝራይቱ ሰልችቷት መሬቱን በጫማዋ መታ መታ አደረገች፤ ያ የለመድነው ቃጭ ቃጭ የለም፣ ዱብ ዱብ ብቻ።

እናቴ ያበጠ እግሯን የሚችል ሰፊ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ፍራሹ ላይ ተደላደለች። የራሷን አየች፣ የባዝራይቱን አየች።

«ወንድሜ፣ ሁለታችንም ጎማ ነው ያደረግነው» አለች። «ቀስ በል።»

ጋሼ ይህን ምክር ሲቀበሉ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ልጓሙን ያዝ አደረጉና በዚያ ባዶ ጥርሳቸው ፈገግ አሉ።

«ቀሽ እላለሁ፣ እትዬ።»