ለቤት የተቀመጠ ቀረፋ

የፒያሲሊ ባል ዊማላዳሳ በካራንደኒያ ኮረብቶች ላይ ዕድሜ ልኩን የቀረፋ ቅርፊት ሲልጥ የኖረ ሰው ነበር። ለነጋዴ የሚሄደው ቀረፋ እንዳይነቅዝና መልኩ እንዲያምር በድኝ ይታጠናል። ለቤት የሚቀረውን ግን ፒያሲሊ ጭስ አታስነካውም። በጥላ ታደርቀውና ሳትፈጭ፣ እንደተጠቀለለ፣ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ቆርቆሮ ትከተዋለች። ከደረቅ ዓሣም ታርቀዋለች፤ ቀረፋ የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል። የምትሰብረው ድስቱ ከተጣደ በኋላ ነው።

ባለፈው ዝናብ ትኩሳት ጣላት። ከአልጋዋ ስትነሣ ማሽተት አቅቷት ነበር። ይመለሳል ብላ ጠበቀች፤ አልተመለሰም። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ወዲያው ዊማላዳሳ ሞተና ቤቱ የልጇና የምራቷ የኒልሚኒ ሆነ፤ ለእሷ የቀረላት ምድጃው ብቻ ነው። የማታሸት ሴት ምድጃ ላይ ምን ትሠራለች ቢሏትስ?

የባሏ የሦስት ወር ተዝካር ደረሰ። ለጸሎት የተጠሩት መነኮሳት በሥርዓታቸው ከቀትር በፊት መብላት አለባቸው። ለእነሱ የሚሠራ ወጥ ደግሞ ቀድሞ አይቀመስም፤ ባለሙያዋ በእንፋሎቱ ትፈርዳለች እንጂ ጭልፋ አትልስም።

ሌሊቱን ጣራው ስላፈሰሰ ልጇ ከመላጫው ዳስ አንድ እስር ቀረፋ አምጥቶ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ነበር። ጠዋት ፒያሲሊ አየችው። ወርቃማ ነው፣ መልኩ አንድ ዓይነት። ልጇ ለተዝካሩ ብሎ የመረጠላት መሰላት። ድሮ ቢሆን አንዴ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ትመልሰው ነበር። አሁን በዓይኗ መረጠችና ሰባብራ ጥሬ የጃክ ፍሬ በኮኮናት ወተት በሚንተከተክበት ሸክላ ድስት ጨመረችው።

ጎረቤቷ ሶማዋቲ ደፍ ላይ ተቀምጣ ኮኮናት ትፍቃለች። «ፒያሲሊ፣ ዛሬ ዊማላዳሳ ራሱ ተነሥቶ ሳህን እንዳይዝ!»

«ይምጣ። ግን እንጨት ሳይፈልጥ አይበላም።»

ኒልሚኒ ውኃ ይዛ ገባችና በሩ ላይ ቆመች። «እማ፣ ክብሪት ተቃጠለ እንዴ? አፍንጫዬን ላጠው እኮ!»

«የምን ክብሪት?»

ኒልሚኒ ድስቱ ላይ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ የተፈታውን እስር አየች። «ይሄ እኮ ትናንት በድኝ የታጠነው ነው! አልሸተተዎትም?»

«ነፍሰ ጡር ሆነሽ ይሆናል። ነፍሰ ጡር ሁሉ ነገር ይሸታታል።»

«አይደለሁም፣ እማ።»

ሶማዋቲ እጇን ጠርጋ መጣች። እንፋሎቱን ሳበችና ፊቷን አዞረች። «እኔም አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ።

ፒያሲሊ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ኒልሚኒ።

«ከትኩሳቱ።»

ከመንገዱ የከበሮ ድምፅ ተሰማ፤ መነኮሳቱ ኮረብታውን መውጣት ጀምረዋል። ኒልሚኒ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወጣችና ከሙዙ ሥር ደፋችው። ተመልሳ ምስር ጣደች፣ ሽንኩርት ከተፈች። ከአማቷ እጅ ጭልፋውን የወሰደችው ሳትቆጣ ነው፤ ሕፃን ቢላዋ ይዞ ሲገኝ እንደሚቀበሉት፣ ቀስ አድርጋ። ፒያሲሊ ብትቆጣ ይሻላት ነበር።

መነኮሳቱ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። የጃክ ፍሬው ወጥ የት አለ ያለ እንግዳ አልነበረም። እሷ ግን ይጠይቃሉ ብላ እስከ መጨረሻው ጠብቃ ነበር።

በማግስቱ ከእንቅልፏ ስትነቃ እሳቱ ተቀጣጥሏል። ገብታ ቆመች፤ ኒልሚኒ በርጩማ ሳበችላት። «እማ፣ ዛሬ ይረፉ።»

በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ አለቻት። ከዚያ በኋላ ማለትም አላስፈለገም።

ከሳምንታት በኋላ ሶማዋቲ ጉድጓዱ ጋ አገኘቻት። «እህስ፣ የምራትሽ ወጥ እንዴት ነው?»

ፒያሲሊ እንስራዋን አዘለች። ምራቷ ክፉ አይደለችም፤ ማማት አልፈለገችም። ማመስገንም አልቻለችም፤ ሽታው ለማይደርሳት ሰው ወጥ ሁሉ አንድ ነው።

«ጨዉ ልክ ነው» አለችና ሄደች።