ባልተነካች ላይ ብቻ

ሳውዲ ውስጥ ሴቶች መኪና መንዳት ከመጀመራቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ ኹበር ሸማሊያ በሚባል ሰፈር የምንሠራበት ሆስፒታል በሰጠን አፓርታማ አምስት ሐበሾች እንኖር ነበር። አራታችን ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ አንዷ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ። ያቺ አንዷ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመትቶላት አገሯ ስትገባ ክፍሏን ሁላችንም ፈለግን። የእኔ ግን የባሰ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሳነብ ዝግ እላለሁ። ኮንትራቴ እንዲታደስ የላቦራቶሪ ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለብኝ፤ የቀረኝ ስምንት ሳምንት ነው። በእኛ ክፍል ደግሞ ከተረኝነት መጥታ የምትተኛ ስለማትጠፋ መብራት አይበራም።

«በካርድ ይለይልን» አለች የሕፃናት ክፍሏ ነርስ።

አርብ አርብ ከሰዓት የምንጫወተው የጦር ካርድ ነበር። እያንዳንዳችን እየተለዋወጥን የመረጥናቸውን ስልሳ ካርዶች ይዘን እንቀርባለን፤ በሃያ ነፍስ እንጀምራለን፤ አውሬ በተሳለባቸው ካርዶች የፈለግነውን እንመታለን፤ ለመምታት ያልላክነው አውሬ እቤት ቆይቶ ይጠብቀናል፤ መጨረሻ የቀረችው ታሸንፋለች።

ሐሙስ ኀምሳ ዘጠኙን ጨረስኩ። ለአንዷ ቦታ ሁለት ካርድ ተፎካከረ። አንዱ ምንጊዜም ይሠራል፣ ሦስት ነፍስ ይቀንሳል። ሌላው የሚሠራው ገና ባልተነካች ተጫዋች ላይ ብቻ ነው፤ ካገኛት ግን አሥራ አምስት ይወስዳል። ኢንተርኔት ላይ ያነበብኳቸው ሁሉ ይህን ይንቁታል፤ አራት ሰው በተቀመጠበት ከሦስተኛው ዙር በኋላ ያልተነካ የለም፣ ካርዱ እጅ ላይ ይሞታል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ቤት ግን እትዬ ነበሩ።

እትዬ የሁላችን ታላቅ ናቸው፤ ኤርፖርት የተቀበሉን፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለኢቃማ፣ አብረውን የተሰለፉ። ማናችንም ቀድመን እጃችንን አናነሳባቸውም። «እትዬን? አስተግፊሩላህ!» ትላለች ፋርማሲስቷ፣ አውሬዋን ወደ እኔ እያዞረች። ጨዋታውን ሁሉ በደብተር ስለምይዝ አገላብጬ አየሁ። እኛ ሦስታችን እስክንደካከም እትዬ ሃያ ነፍሳቸውን ይዘው ይቆያሉ፣ ከዚያ ለቅመውን ይነሳሉ። አሥራ አምስት የሚወስደውን አስገባሁት።

አርብ በአምስተኛው ዙር ካርዱ እጄ ገባ። እኔ ዘጠኝ ነፍስ ቀርቶኛል፣ ነርሷ ስምንት፣ ፋርማሲስቷ አሥራ አንድ። እትዬ ሃያ።

«ፕሮፌሰር፣ ታጠኚዋለሽ ወይስ ትጫወቺዋለሽ?» አለች ነርሷ።

አሳለፍኩ። በሚቀጥለውም አሳለፍኩ። በመሐሉ ነርሷ ሦስት ነፍሴን ወሰደች።

«አይዞሽ ልጄ፣ አትቸኩዪ» አሉኝ እትዬ። ያ ባሰብኝ። በሦስተኛው ተራዬ ካርዱን አስቀመጥኩት።

«በማን ላይ?»

«በእትዬ።»

እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ካርዱን ሁለቴ አነበቡት።

«አሥራ አምስት? ይኼን ለእኔ ብለሽ ነው ያስገባሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። «ኸላስ! እንግዲህ ከተነኩ ተነኩ፤ ይቅር ይበሉኝ!» ብላ ያላትን አውሬ ሁሉ ለቀቀችባቸው። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁላችን ቀድመው ወጡ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የነርሷ አውሬዎች እስከዚያ ድረስ እቤት ተቀምጠው የሚጠብቋት እትዬን ስለምትፈራ ነበር። እሳቸው ሲወጡ የምትፈራው ጠፋ፤ በሚቀጥለው ተራዋ እኔን፣ ቀጥላም ፋርማሲስቷን አስወጣች።

አመሻሹን የነርሷን አልጋ ወደ ጠባቧ ክፍል ገፋንላት። እትዬ አላገዙም። ስንመለስ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል።

«ፈተናሽ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ከስምንት ሳምንት በኋላ።»

«እኔ ለክፍሉ ምን አስቸኮለኝ? ባሸንፍ ላንቺ ልሰጥሽ ነበር።»

እውነታቸውን ይሁን ንዴታቸው እስካሁን አላወቅኩም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «መብራቱን አጥፊው፣ ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ» አሉ። አጠፋሁትና መጽሐፌን ይዤ መብራት ወደማይጠፋበት ወደ ሕንፃው ደረጃ ወጣሁ። ስምንቱን ሳምንት ያጠናሁት እዚያ ነው።