የጥር ጭቃ

ጋራዤን የሆሳዕና ሰው «ደረቁ ጋ» ይለዋል። በረዶው ደረቅ ስለሆነ ይሁን እኔ ደረቅ ስለሆንኩ ጠይቄ አላውቅም። መልሱን ፈርቼ ይመስለኛል።

ሥራዬ አሮጌ መኪና ማጽዳት ነው፤ ያለ ውሃ፣ ያለ ሳሙና። የሩዝ ፍሬ የሚያካክል ደረቅ በረዶ በአየር ግፊት ይረጫል፤ ያገኘውን ግሪስና ጭቃ አቀዝቅዞ ይሰነጥቅና እሱ ራሱ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል። መሬት ላይ የሚቀረው ቆሻሻው ብቻ ነው። ይህንን የተማርኩት ጆሃንስበርግ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ የሀብታሞችን የድሮ መኪኖች ሳጸዳ ነው። ማሽኑ በጣም ስለሚጮህ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር የምውለው። መድፈኛውን ሳወልቀውም የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። እንዲያ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩና ማሽኑን ይዤ አገሬ ገባሁ። እናትና አባቴ ግን አልጠበቁኝም። እዚያ ሆኜ ባሠራሁላቸው ስድስት ክፍል ቤት ውስጥ አሁን በአንዷ ክፍል እኖራለሁ። የቀሩትን በሳምንት አንድ ቀን እከፍትና አየር አስገብቼ መልሼ እዘጋለሁ።

ሥራው እንዳሰብኩት አልሆነም። እዚህ ሰው መኪናው ታጠበ የሚለው ውሃ ሲንጠባጠብ ሲያይ ነው። «ሳትረጥብ ምኗ ታጠበ?» ብሎ ከእኔ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ላቫጆ የሄደ ደንበኛ አለኝ። ከሞርሲቶ አንድ ላንድሮቨር፣ ከሀደሮ አንድ ፔጆ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሞተሯ ዘይት የተፋባት አንዲት ሚኒባስ ይመጣሉ። በረዶው ከአዲስ አበባ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ በፎም ሣጥን ታሽጎ በአውቶቡስ ይደርሰኛል። ተሠራበትም አልተሠራበትም ይተናል፤ ዓርብ ላይ ሣጥኑን ብከፍት ባዶ ነው። በዚህ የተነሳ በበረዶ ስስታም ሆንኩ።

መምህሩ መጀመሪያ የመጡት መኪና ለማጽዳት አልነበረም። ጃጁራ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው። ውሃ ሰማያዊ ቮልሳቸውን በር ላይ አቁመው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ደረቅ በረዶ አለ የተባለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«አለ፣ ይግቡ» አልኳቸው።

«ዕድሜ ልኬን ሳስተምረው ኖርኩ። ጠጣሩ ፈሳሽ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ጋዝ ይሆናል እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም።»

ሳህን ላይ ትንሽ ዘግኜ አስቀመጥኩላቸው። ቁጢጥ ብለው እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። የመጨረሻዋ ፍሬ ስትጠፋ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ደረቅ!» አሉ። ደስታቸው ወደ እኔም ተጋባና ሳቅኩ። የገዛ ሳቄ ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ።

ከዚያ በኋላ በረዶው በገባ ረቡዕ ሁሉ ይመጡ ጀመር። አንድ ቀን ሞተሯን፣ ሌላ ቀን ከጎማዋ በላይ ያለውን ፓራፋንጎዋን፣ ሌላ ቀን ሆዷን አጸዳሁላቸው። እኔ ስሠራ እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ኮምፕሬሰሩን ሳጠፋ ወሬ ይጀመራል። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንዱ ልጃቸው ሀዋሳ ነው፤ ሁለቱ እኔ ጥዬው በመጣሁት አገር ናቸው። አንድ ጊዜ ድንገት፣ «ብቻህን ስትበላ ሬዲዮ ትከፍታለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እከፍታለሁ።»

«እኔም» አሉና ወሬ ቀየሩ።

ረቡዕ በመጣ ቁጥር ከበረዶው ይልቅ እሳቸውን እንደምጠብቅ አልነገርኳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ይልቁንም በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ጊዜ ቮልሷን ዞር ዞር ብዬ አየሁና ባለሙያ ነኝ ብዬ ተኮፍሼ፣ «መምህር፣ ይህቺ መኪና ንጹሕ ናት። በረዶ አላባክንባትም። ስትቆሽሽ ያምጧት» አልኳቸው።

«ልክ ነህ» አሉ። ፈገግ ብለው ነበር።

ጥር ውስጥ ተመልሰው መጡ። ዝናብ ካየን ሳምንታት አልፈዋል፤ መንገዱ ሁሉ አቧራ ነው። ቮልሷ ግን የአራቱም ጎማ ፓራፋንጎ ውስጡ በጭቃ ተሞልቷል። በረዶው ሲተን የሚወጣውን ነጭ ጭስ ለማየት የሚሰበሰቡ የባጃጅ ሾፌሮች እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመዋል። በክሪክ አነሳኋት፣ መርጫውን ደገንኩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ደርቆ ከተለጠፈው ጭቃ ላይ አራት አራት መስመር ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ሙሉ መዳፍ ታትሟል። ጎማ የረጨው ጭቃ ጣት የለውም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ገብቶኝ ዝም ብል ምን ነበረበት! የጆሮ መድፈኛዬን አውልቄ፣ የማሽን ጩኸት የለመደ ድምፄን ሳልቀንስ፣ «መምህር! በጥር ጭቃ ከየት አገኙ? በእጅዎ ነው እንዴ የመረጉት?» አልኩ።

ባጃጅ ነጂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ «ቲቸር ቤት ትተው መኪና መምረግ ጀመሩ!» አለ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ይኸው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

መምህሩ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ጥፍራቸው ሥር ቀይ አፈር ነበረ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና «አውርዳት እስቲ» አሉኝ። አወረድኳት። «ጌታ ይባርክህ» ብለው፣ ከነጭቃዋ ነድተዋት ሄዱ።

በረዶው በገባ በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጡም። ጉዳይ ይዟቸው ይሆናል አልኩ። ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕም ሲቀሩ ራሴን መሸወድ አቃተኝ። ደንበኛ ስላልነበረ የሣጥኑን ክዳን ከፍቼ በረዶው ሲተን ተቀምጬ አየሁ። አግዳሚው ባዶ ነው። ናፈቁኝ። ከሁሉ የባሰብኝ ያ ጭቃ የተቦካበትን ውሃ ሳስብ ነበር። ያን ሰሞን ጃጁራ ውሃ በጄሪካን ነው የሚቀዳው። እኒያ ሽማግሌ ከሚጠጡት ቀንሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ አራት ጎማ መርገው ነው የመጡት፤ አንድ ሰው ጋ ለመቀመጥ ሰበብ ፍለጋ። እኔም ስጠብቃቸው የነበርኩት ለዚያው ነበር። በገዛ አፌ አባረርኳቸው።

ሦስተኛው በረዶ ሲገባ ሣጥኑን እንደታሸገ ጋራዥ ውስጥ ተውኩትና በሚኒባስ ጃጁራ ወረድኩ። የቲቸርን ቤት ብዬ ስጠይቅ ለማሳየት ሰው አልጠፋም። መምህሩ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቮልሷ አቮካዶው ሥር ቆማለች። ጭቃዋን በጨርቅ ጠርገውላት ታበራለች።

ተነስተው በርጩማቸውን ለቀቁልኝ። «ምን እግር ጣለህ?»

«ቮልሷን ልያት ብዬ ነው።»

«ንጹሕ ናት» አሉ። «በረዶ አይባክንባትም።»

በክፋት አልተናገሩትም። የራሴን ቃል እንደ ተማሪ አጥንተው መለሱልኝ፤ ያ ነው የበለጠ ያመመኝ። መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የመጣሁትን ይቅርታ ትቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው መኪናዋን ያያሉ፤ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

በሩ አጠገብ ቢጫ ጄሪካን አለ። ክዳኑ ያፈሳል መሰለኝ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ርሷል። ተነስቼ ሄድኩና እጄን እዚያ እርጥብ አፈር ውስጥ ከተትኩ። አንድ እፍኝ ዘግኜ ቮልሷ አጠገብ ተንበረከክኩና የግራውን ፓራፋንጎ ውስጡን በአራት ጣቴ መረግ መረግ አደረግኩት። መልሼ ሄጄ ሌላ እፍኝ አመጣሁ።

መምህሩ መጥተው ከበላዬ ቆሙ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ቆሽሻለች፣ መምህር» አልኩ ቀና ሳልል። «በረዶ ሲገባ ይዘዋት ይምጡ። እባክዎ።»

ጭቃው ከፓራፋንጎው ተንሸራትቶ ጫማዬ ላይ ጠብ አለ። መምህሩ የሹራባቸውን እጅጌ ሲሰበስቡ በጎን አየኋቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ጭቃውን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ፈተኑት።

«ቀጥኗል» አሉ። «አፈር ጨምርበት።»