ከጭቃ የወጣ አቼቶ

አባቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከደቅ ደሴት መጥተው፣ ፔዳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ በተከራየኋት ክፍል ሰነበቱ። ከእሳቸው ጋር ነበርሁ ለማለት ግን ያስቸግረኛል። ሐሳቤ ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በጎማ ክዳን የደፈንኋቸው ጠርሙሶች ጋ ነበር። ከጣና ዳር፣ ከደንገሉ ሥር ካፈስሁት ጭቃ የለየኋቸው ባክቴሪያዎች እዚያ አሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጂን እሰጣቸዋለሁ፤ ወደ አሲድ እንዲለውጡልኝ እጠብቃለሁ። ወራት አለፉ፤ ምንም የለም።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጪው?» አሉኝ አንድ ቀን፣ ምሳቸውን አቅርቤ እኔ ሳልጎርስ ስነሳ።

ነገርኋቸው። ዕድሜያቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ሳያቋርጡ አዳመጡ።

«እኛ ተንፍሰን የምናወጣውን ነው የሚበሉት?»

«አዎ አባባ። ከፋብሪካ ጢስ ጋር የሚወጣውንም።»

«በልተውስ ምን ይሰጣሉ?»

«አቼቶ። ሰላጣ ላይ የሚጨመረው።»

«ለአቼቶ ነው እንዲህ የከሳሽው!» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ከዚያው አሲድ ቀለምም ማጣበቂያም እንደሚሠራ ላስረዳቸው ጀምሬ፣ ሳልጨርስ ሰዓቴን አየሁ።

የሚመለሱበት ቀን ናሙና ከምወስድበት ቀን ጋር ገጠመ። ወደቡ ድረስ ወሰድኋቸው፤ ጀልባው ዘገየ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ውኃው ዳር ደርሼ እመለሳለሁ።

«ሂጂ ልጄ» አሉኝ።

«ሳልሸኝዎት?»

«ሸኝተሽኛል። ዓይኔም አሁን ያያል፤ ጀልባው አይጠፋኝም።»

ጉልበታቸውን ስሜ ባጃጅ ያዝሁ። እንደደረስሁ ከጠርሙሱ በመርፌ ጥቂት ቀድቼ የአሲድ መለኪያ ወረቀት ላይ ጠብ አደረግሁ። ወረቀቱ ቀላ፤ አሲድ አለ ማለት ነው። ለማነጻጸር ብዬ ጋዝ ካልሰጠሁት ጠርሙስ የቀዳሁት ግን ቀለሙን አልቀየረውም። አማካሪዬን ጠራኋቸው። መጥተው አዩት፤ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ግን «ምን አሲድ እንደሆነ በማሽን ይታይ። ደግሞም ድገሚው» አሉኝ።

ደገምሁት። ማሽኑም አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ራሱ መሆኑን አረጋገጠልኝ። ለአባቴ ደወልሁ።

«እሰይ! እንግዲህ ትረጊያለሽ» አሉኝ።

«እሺ አባባ» አልሁ። መጠኑ ገና እጅግ ትንሽ ነበር። ስልኩን ስዘጋ አዲስ ጭቃ የማወጣበትን የሐይቅ ዳር እያሰብሁ፣ ጫማዬን እያሰርሁ ነበር።