የባዮሎጂ መምህራችን ሳያጠፉት የሄዱት ስዕል

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ሳለ፣ ቀጨኔ እማርበት በነበረው ትምህርት ቤት ለሰፈር እናቶች ፊደል አስቆጥር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ስከፍት፣ የባዮሎጂ መምህራችን ጠዋት የሳሉት ማህፀን ከነተዘቀዘቀው ሕፃን ሰሌዳው ላይ ቁጭ ብሏል። እናቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔም ዳስተር ባጣ በሸሚዜ እጅጌ ልጠርገው ተንደረደርኩ።

«አታጥፋው!» አሉ እማማ ብርቄ፣ ጠመኔ ባስያዝኳቸው ቁጥር እጃቸው የሚንቀጠቀጠው። ተነስተው ከሕፃኑ ጎን ሌላ ሕፃን ሳሉ፣ እግሩን ወደ ታች። እጃቸው ምንም አልተንቀጠቀጠም።

«ሁሉም በጭንቅላቱ አይመጣም» አሉ።

«እርስዎ በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው፣ እንደ አስተማሪ ኮስተር ብዬ።

«አዋላጅ ነኛ! አንተን ራስህን በእግርህ ነው ያወጣሁህ።»

ከመጨረሻው ወንበር እናቴ እጇን አወጣች።

«እውነታቸውን ነው፣ ጓድ አስተማሪ።»